አመድ ላይ የታየው እጅ

ሞጣ መናኸሪያው አጠገብ አንድ የቆዳ መጋዘን አለ። ባለፈው ልጄን ልቀበል ሄጄ ሚኒባሱ ሲዘገይብኝ፣ ጥላ ፍለጋ ከመጋዘኑ ግድግዳ ተጠጋሁ። ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ከረጠበ ከብትም ከደረቀ ደምም ያልሆነ። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ሚኒባሱንም ረሳሁት። የአያ ጥሩነህ ቤት ግድግዳና እዚያ ላይ ተወጥሮ የተንጠለጠለው ጥቁርና ነጭ ነገር ፊቴ ድቅን አለ።

የልጄ ሥራ ከዱር አውሬ ጋር ነው። ወደ ዓባይ በረሃ እየወረደች የገበሬውን እህል የትኛው አውሬ እንደሚያጠፋ፣ ምን ቢደረግ ጥፋቱ እንደሚቀንስ ትጠይቃለች፤ ትጽፋለች። «እማየ፣ ማስረጃ ነው የምንሰበስበው» ትለኛለች። እኔ እፈራለሁ። የምፈራው አውሬውን አይደለም። እህሉ ለተበላበት ሰው «የበላብህ አንተ ያልኸው አይደለም» ብሎ መናገር ምን እንደሚያስከትል ስለማውቅ ነው። ስልኳ እንቢ ያለ ቀን እህል በአፌ አይዞርም። ትምህርቴ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ፊደል የቆጠርሁት ካገባሁ ወዲያ በመሠረተ ትምህርት ነው። ቢሆንም ያን ዓመት እንዳየሁት ልጻፈው ብዬ ተቀመጥሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። አገራችን ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ፣ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ነው። ከላይ የኪዳነ ምሕረት ደን አለ፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት ተጠላልፎ የበቀለበት። ከደኑ ሥር የቤተ ክርስቲያኗ እርሻ ነው። ከእርሻው ሥር ወንዝ አለ፤ ወንዙ ዳር የእኛ ቤት። አባቴ አለኸኝ ይባላል፤ ያንን እርሻ ለቤተ ክርስቲያን በእኩል ያርስ ነበር። ከሚገኘው እህል ግማሹ የታቦት ነው፤ ግማሹ የእኛ። ሌላ ይህ ነው የሚባል መሬት አልነበረንም።

የዚያን ዓመት ባቄላ ነበር የተዘራበት። ክረምቱ ወጥቶ ባቄላው እሸት መያዝ ሲጀምር ጥበቃው ለእኔ ተሰጠኝ። አባየ ከእርሻው መካከል ማማ ሠራልኝ፤ አራት ባላ ተክሎ በላዩ ርብራብ። ከቃጫም ጅራፍ ገመደልኝ። ጅራፉ ከእኔ ቁመት ይረዝማል። መጀመሪያ ሳጮኸው የገዛ ጆሮዬን ገርፎኝ አልቅሻለሁ፤ ኋላ ግን ለመድሁት። ወፍ ሲመጣ አጮኸዋለሁ፤ የሰው ከብት ሲጠጋ አጮኸዋለሁ። ምንም ሳይመጣም አጮኸዋለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ስለምፈራ።

መጀመሪያ የፈራሁት ጉሬዛዎቹን ነው። ጧት ጧት ፀሐይ ሳትወጣ ደኑ ውስጥ የሆነ ነገር ያጓራል፤ ብዙ ወፍጮ ባንድ ላይ የሚፈጭ ይመስላል። ፀሐይ ስትወጣ ከደኑ ጫፍ፣ ከዛፎቹ አናት ላይ ይቀመጡና ሆዳቸውን ያሞቃሉ። ሰውነታቸው ጥቁር ነው፤ ከትከሻቸው ጀምሮ በጎንና በጎናቸው ነጭ ፀጉር እንደ ኩታ ይወርዳል፤ ፊታቸውም ዙሪያውን በነጭ የተጠመጠመ ነው። ዝም ብለው ቁልቁል ያዩኛል። አንድ ቀን ምን እንደሆኑ እማሆይን ጠየቅኋቸው። እማሆይ ላቀች የእናቴ አክስት ናቸው፤ መንኩሰው ከቤተ ክርስቲያኗ ቅጽር ጥግ ትንሽ ጎጆ ይኖሩ ነበር። ቀና ብለው አዩና «እነዚህማ የደኑ መነኮሳት ናቸው» አሉኝ።

እሳቸው ለጨዋታ ነው ያሉት። እኔ ግን አመንሁ። ጥቁር ለብሰው፣ ነጭ ጠምጥመው፣ ከሰው ርቀው፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይወጡ፣ ሌላ ምን ሊሆኑ ነው? ከዚያ ወዲያ አልፈራኋቸውም። ስመጣ እጅ እነሣቸው ጀመር። አንድ ሮብ ጧት ግን ትልቁ ጉሬዛ ቅርንጫፍ ስቦ ቅጠሉን ሲያግበሰብስ አየሁት። ገና ቅዳሴ አልተገባም። ጾም መግደፉ ነው። አርብ ደግሞ ጠበቅኋቸው፤ አርብም በሉ። ቢቸግረኝ ለእማሆይ ነገርኋቸው፤ ገድፈዋል ብዬ።

እማሆይ አልሳቁብኝም። ምን እንደበሉ ጠየቁኝ። ቅጠል አልኋቸው። ወደ ባቄላውስ ወርደዋል ወይ አሉኝ። አልወረዱም፤ እግራቸው መሬት ሲነካም አላየሁ አልኋቸው። «ለእነሱ ሰዓት የሚነግራቸው ማን አለ ልጄ» አሉና ነገሩን ዘጉት። እኔ ግን ስለ ጾማቸው ስል ያን ሰሞን ከዓይኔ አላወጣኋቸውም። ምን እንደሚበሉ፣ ከየትኛው ዛፍ እንደሚበሉ እንደኔ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ማንም ግን አልጠየቀኝም።

ወሩ ጽጌ ነበር። በጽጌ ሰንበት አገሬው ከዋዜማው ጀምሮ ማኅሌት ይገባል፤ ጧት ቅዳሴው እስኪያልቅ ቤት የሚቀር የለም። እኔም ልጅ ስለሆንሁ እቆርባለሁ፤ ሰንበት ጥበቃ የለብኝም። ውሻችን እንኳ አባየን ተከትሎ ከደጀ ሰላሙ ተኝቶ ይውላል። እርሻውን ማን ይጠብቀዋል ቢባል መልሱ አንድ ነበር፤ የታቦት እርሻ ነው፣ በሰንበት ታቦቱ ይጠብቀዋል። ይህን ያሉት አባቶቻችን ናቸው፤ እኛም ነገሬ ብለን አስበነው አናውቅም።

አንድ ሰንበት ከቅዳሴ ስንመለስ የባቄላው አንድ ጎን ተመልጧል። እሸቱ ተፈልፍሎ ቅርፊቱ መሬት ላይ ተበትኗል። አባየ አጎንብሶ አየና ቅርፊቱን በእጁ ሰበሰበ። በሚቀጥለው ሰንበት የባሰ ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ እኔ ማማ ላይ ነኝ፤ አንድ ፍሬ አይጎድልም። ሰንበት ሲመጣ ይጎድላል።

ያኔ አያ ጥሩነህ መጣ። አያ ጥሩነህ ከወንዙ ማዶ ያለ ገበሬ ነው፤ ጠመንጃ አለው። ክፉ ሰው አልነበረም። ያለፈው ዓመት በቆሎውን አውሬ ጨርሶበት ልጆቹን ወደ ዘመድ በትኖ ነው የከረመው። ሞጣ ቆዳ የሚነግድ አማች ነበረው፤ አማቹ የጉሬዛ ቆዳ በጣም ይፈለጋል ብሎ ልኮበታል። አንዱን ከሌላ ደን ገድሎ ግድግዳው ላይ ወጥሮት ነበር፤ ቤቱ በሄድሁ ቁጥር ሽታው ያስነጥሰኝ ነበር። አያ ጥሩነህ እርሻውን ዞሮ አየና ወደ ዛፉ በአገጩ አመለከተ። ባቄላውን የጨረሱት እነሱ ናቸው አለ፤ በዓል ያውቃሉ፣ ካህን ማኅሌት ሲቆም ጠብቀው ይወርዳሉ አለ። ሰውም እውነት ነው አለ። ጧት ጧት ከእርሻው በላይ ተቀምጠው የሚታዩት እነሱ ናቸዋ።

እማሆይ ከቅጽሩ በር ቆመው ነበር። ባቄላ ሲበሉ ያየ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ።

አያ ጥሩነህም «እማሆይ፣ እነሱ ካልሆኑ እንግዲያው የበላው ባለ ሁለት እግር ነው» አላቸው።

ዓይኑ ሁሉ ወደ አባየ ሄደ። እኔ ያኔ ነገሩ አልገባኝም፤ ጉሬዛም ሲቆም ባለ ሁለት እግር ይሆናል ብዬ አስብ ነበር። አባየ ግን ገባው። ጉሬዛ ካልበላው፣ እርሻው አጠገብ ቤት ያለው ሰው በልቶታል ማለት ነው። የታቦት ሌባ ማለት ነው። እንዲህ የተባለ ሰው መሬቱን ይነጠቃል፤ አገርም አይጎራበተውም።

ማታ እናቴ አባየን እግሩን እያጠበች ለመነችው። ጉሬዛ ነው በልና ይለፍልን፣ አውሬ ነው፣ ቢገደል ልቅሶ የሚቀመጥለት የለ አለችው።

«አላየሁትማ» አለ አባየ።

«አንተን ሲሉህስ ማን አየህ?»

አባየ እግሩን ከገበቴው አውጥቶ ውሃው እስኪደርቅ ቁጭ አለ። እኔ ከመደቡ ጥግ ሆኜ፣ መነኮሳቱ ከተገደሉ አባቴ ይድናል፤ እነሱ ከዳኑ አባቴ ይጠፋል እያልሁ ሳወጣ ሳወርድ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የመንደራችን አስተዳዳሪ፣ ጭቃ ሹሙ፣ ነገሩን ሰማ። ሽማግሌ ነው፤ ነገር አይቸኩልም። እኛ አገር በሬ ሲሰረቅ ፋናውን፣ ማለት የእግሩን ምልክት፣ ይዘው ይከተላሉ፤ ፋናው የገባበት ሰው ይጠየቃል። ጭቃ ሹሙ ለዚህም ፋና ይውጣለት አለ። ቅዳሜ ከየቤቱ አመድ ተሰብስቦ በእርሻው ዙሪያ እንዲበተን አዘዘ፤ ከላይ በደኑ በኩልም፣ ከታች በወንዙ በኩልም። ሴቶቹ አመዱን በእንቅብ እየተሸከሙ መጡ። አያ ጥሩነህም አመጣ፤ ልጆቹን ለበተነበት አውሬ የሚዘጋጅ ነገር ስለመሰለው ከሁሉ አብልጦ አመጣ። ጤዛው ሲወርድበት አመዱ እንደ ሊጥ ለሰለሰ።

ሰንበት ከቅዳሴ መልስ ጭቃ ሹሙ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሄድን። በደኑ በኩል ያለው አመድ እንደተበተነ ነው፤ ወፍ እንኳ አልረገጠውም። በወንዙ በኩል ያለው ግን ተረጋግጧል። የእጅ ምልክት ነው። ትንሽ እጅ፤ ጣቶቹ የተለዩ፣ አውራ ጣቱ ወደ ጎን የወጣ። አጠገቡ ደግሞ ገመድ የተጎተተበት የሚመስል መስመር አለ።

አያ ጥሩነህ ይኸው የጉሬዛ እጅ አለ። ጭቃ ሹሙ ግድግዳህ ላይ ያለውን ቆዳ አምጣና እናስተያየው አለው። ደስ ብሎት ሄዶ አመጣ። ቆዳው ደርቆ እንደ ጣውላ ሆኗል፤ እጆቹ ግን አልተቆረጡም። ጭቃ ሹሙ አንዱን እጅ አንሥቶ ከአመዱ ላይ አስጠጋው። ረጅም አራት ጣት ነው። አውራ ጣት መውጣት በነበረበት ቦታ ምንም የለም። ሌላውን እጅ አነሣ፤ እሱም ላይ የለም። አያ ጥሩነህ ቆዳውን ገለባብጦ አየ፤ የጠፋ ነገር የሚፈልግ ይመስል ነበር።

ጉሬዛዎቹ ዳኑ ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ አፍ ሳያወጣ አንዱ ሰው ከኋላ እንዲህ ሲል ሰማሁ፤ ፋናው ወደ አለኸኝ ቤት ነው የሚሄደው። እውነቱን ነው፤ ከእርሻው ወጥቶ ቁልቁል ወደ ወንዙ፣ ወደ እኛ ደጅ ነው የሚሄደው። ሌላው ደግሞ እጁ የልጅ እጅ ነው አለ። ሌላዋ ሴት መስመሩን አየችና «ጅራፍ ነው» አለች። ዓይኑ ሁሉ እጄ ላይ ሆነ። ጅራፌን ይዤ ነበር። የትም ስሄድ ይዤው ነው የምሄደው።

ጭቃ ሹሙ ምልክቶቹን እንቅብ አስደፋባቸውና በማግስቱ አውጫጭኝ ጠራ። አውጫጭኝ ማለት አገሬው አንድ ቦታ ተቀምጦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤቱ የማይሄድበት ሸንጎ ነው። ከእርሻው ጥግ ካለው ሾላ ሥር ተቀመጥን። ያየ፣ የጠረጠረ ሰው ስሙ እንዳይነሣ ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራል፤ ሽማግሌዎቹም «ወፍ እንዲህ አለች» ብለው ያወጡታል። ይህን እኔ አላውቅም። ወፍ ትናገራለች ሲሉ ሰምቼ ቀና ብዬ ሾላውን አየሁት። አንድ ቁራ ተቀምጧል። ያንን ቁራ ሳምንቱን ሙሉ ከባቄላው ሳባርረው የኖርሁት ነው። እሱ ከሆነ የሚመሰክረው አለቀልኝ አልሁ።

አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ «ወፍ፣ ልጅቱ ናት አለች» አለ።

ወደ ቁራው አየሁ። ምንም አላለም፤ ክንፉን በምንቃሩ እያበጠረ ነበር። ውሸቱን ነው ብዬ ጮኽሁ። ሰው ለሽማግሌው የመለስሁ መስሎት ጉድ አለ፤ እናቴ አፌን በነጠላዋ ያዘች። ከወዲያ ዳር ያለ አንድ ቀልደኛ «ተዉአት እባካችሁ፤ ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» አለና ሳቅ ሆነ። አንዱ ደግሞ ጦጣስ እንደሆነ ብሎ ነበር፤ ጦጣ ከሰው ደጅ፣ ከውሻ አፍንጫ ሥር ትመጣለች ወይ ብለው ሳቁበት።

አባየ ተነሣ። በሰው ፊት ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም።

«ልጄ ከሆነች እኔ ነኝ፤ እኔን ጠይቁኝ» አለ። «ግን ከፍርዱ በፊት እጇን አመዱ ላይ አስቀምጧት። ጅራፉንም ታስጎትተው።»

ጭቃ ሹሙ እሺ አለ። እንቅቡ ተነሣ። እጄን ይዘው ከምልክቱ አጠገብ አመዱ ላይ ተጫኑት። ቶሎ ስላነሣሁት የመጀመሪያው ምልክት ተበላሸ፤ እማሆይ መጥተው ክንዴን ያዙልኝና እንደገና ተጫንሁ። ሽማግሌዎቹ ተንበርክከው አዩ። የእኔ መዳፍ ሰፊ ነው፤ አውራ ጣቴም ረጅም ነው። የዚያኛው መዳፍ ጠባብ፣ ጣቶቹ ቀጫጭን፣ አውራ ጣቱ እንደ ባቄላ ፍሬ አጭር ነው። ቀጥሎ ጅራፌን ጎተትሁት። ጅራፉ የተገመደ ስለሆነ አመዱ ላይ እንደ ሹሩባ ያለ መስመር አወጣ። የዚያኛው መስመር ግን ልሙጥ ነው፤ አንድ ቦታ ይነካል፣ ከዚያ ይነሣል፣ እንደገና ይነካል። ቀልደኛው አሁንም አላረፈም፤ ጅራት ካላት ፈትሿት አለ። በዚህ ግን የሳቀ ጥቂት ነው። ጅራት የሚለው ቃል ሽማግሌዎቹ ጆሮ ገብቶ ነበርና።

ጭቃ ሹሙ እንግዲህ በዓይን ይታይ አለ። በሚቀጥለው ሰንበት ሰው እርሻው ላይ ይዋል። ማን ይዋል ሲባል ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። የጽጌ መጨረሻው ሰንበት ነው፤ ከማኅሌቱም ከቅዳሴውም መቅረት ማንም አልፈለገም። ገበዙም፣ የቤተ ክርስቲያኗ ኃላፊ ማለት ናቸው፣ ቅሩ ብዬ ሰው አላዝም አሉ።

እማሆይ ላቀች «እኔ እቀራለሁ» አሉ።

ሰው አጉረመረመ። መነኩሴ ከሰንበት ቅዳሴ ሲቀር አልታየም። እሳቸው ግን ሰው በሐሰት ከሚጠፋ ንስሐ ብገባበት ይሻላል ብለው አልተመለሱም። ጭቃ ሹሙም ምስክር አንድ አይበቃም አለ፤ ሁለተኛው አያ ጥሩነህ ይሁን፣ ወዳጅ ለወዳጅ መሰከረ እንዳይባል። ልጅቱም ከምስክሮቹ ዓይን እንዳትወጣ አብራ ትዋል ተባለ።

በዚያ ሰንበት እኔ፣ እማሆይና አያ ጥሩነህ ማማው ላይ ተቀመጥን። ማማው ለአንድ ልጅ የተሠራ ነው፤ አያ ጥሩነህ በተነቃነቀ ቁጥር ይንቋቋል። እማሆይ ሰውየው ይዞን ይወርዳል እያሉ ይቆጡታል። አያ ጥሩነህ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሟል፤ እማሆይ ደግሞ አፈ ሙዙ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳይዞር በመቋሚያቸው ገፋ ያደርጉታል። አያ ጥሩነህም ለእነዚህ ጉሬዛዎች ሲሉ ገሃነም ይወርዳሉ አላቸው። እሳቸውም «እዚያም አንተን ነው የማገኘው፤ አልጠፋብህም» አሉት። ከላይ ከበሮው ይሰማል። ጉሬዛዎቹ እንደ ወትሮው አናት ላይ ወጥተው ሆዳቸውን ያሞቃሉ። አያ ጥሩነህ ዓይኑን ከእነሱ አልነቀለም።

እኔ ግን ወደ ወንዙ ነበር የማየው፤ ቤታችን በዚያ ስለሆነ። ከቁጥቋጦው ሥር ሣሩ ተነቃነቀ። አንድ ጦጣ ወጣች። ቆመች፤ ደጃችንን አየች፤ ውሻ የለም። ከኋላዋ ሌሎቹ መጡ። ድምፅ አላሰሙም፤ ከቤት ሰው እንዳለ የሚያውቅ ሌባም እንዲህ አይጠነቀቅም። ባቄላው ውስጥ ገብተው ቁጭ ብለው እሸቱን ይጎነጥሉ ጀመር። አንዷ ልጇን ከሆዷ ሥር አንጠልጥላ ከማማው አጠገብ መጣች። እጇን በደንብ አየሁት። ትንሽ አውራ ጣት አላት። ቅርፊቱን በሁለት እጇ ከፍታ ልክ እንደ እናቴ ፈለፈለችው፤ ጅራቷ መሬቱን ነካ፣ ተነሣ፣ ነካ።

የአያ ጥሩነህን ክንድ ነካሁት። ዞሮ አየ። ከዚያ ጠመንጃውን አነሣ።

እማሆይ አፈ ሙዙን ያዙት። «ቅዳሴ ላይ ነው» አሉት ቀስ ብለው፤ «ደግሞ የመጣኸው ልታይ ነው።»

እጃቸውን ከብረቱ ላይ አላነሡም። ጠመንጃውን መልሶ ጭኑ ላይ አኖረው። ጦጦቹ በልተው እስኪጠግቡ አየናቸው፤ ያ ሁሉ ባቄላ ሲያልቅ ዝም ብሎ ማየት እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቁኝ። ሲሄዱ በመጡበት ነው የሄዱት፤ በወንዙ፣ በቤታችን ደጅ። አንድም ወደ ደኑ የወጣ የለም። ከደኑም የወረደ የለም።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሾላው ሥር ተሰበሰበ። እማሆይ ያዩትን ተናገሩ። ሰው እሳቸው ለጉሬዛ እንደሚያደሉ ያውቃል፤ ስለዚህ የሁሉም ጆሮ አያ ጥሩነህ ላይ ነበር። አያ ጥሩነህ ተነሣ፤ ጋቢውን አስተካከለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሬዛ ቢል ቆዳው ሞጣ ይሄድለታል፤ በዚያ ላይ ያለፈውን ዓመት ቂም ይወጣበታል። አባየ ቆሞ ነበር። እናቴ ቀሚሷን ጨብጣለች። እኔ ቁራውን ፈለግሁት፤ አልነበረም።

«ጦጣ ነው» አለ አያ ጥሩነህ። «ዓይኔ አየ። ጉሬዛው ከዛፉ አልወረደም።» ቀጥሎም ደስ ሳይለው «የልጅቱም እጅ አይደለም» አለና ተቀመጠ።

እናቴ እዚያው በጉልበቷ ወደቀች። አባየ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ ወዲያ ሰው በጦጣ ላይ ተነሣ። ጦጣ አልተገደለም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ አያ ጥሩነህ በሥራ ቀን ወንዝ ለወንዝ እየሄደ ገደለ። ያም ሆኖ ሰንበት ሲመጣ የተረፉት በሌላ በኩል ገቡ። በኋላ ጭቃ ሹሙና ገበዙ ተመካክረው ሰንበት ሰንበት በተራ ከየቤቱ አንድ ሰው ውሻ ይዞ እርሻው ላይ እንዲውል ሥርዓት ሆነ። ተራ የደረሰው ሰው «ሰንበተኛ» ይባላል፤ ቅዳሴ እንዳስቀደሰ ይቆጠርለታል። ይህ ሲደረግ የሰንበቱ ጥፋት ቀረ። ጠመንጃው ያልቻለውን ውሻና ሰው ቻሉት። አያ ጥሩነህም ተራው ሲደርስ ጅራፌን ተውሶ ሄደ፤ እንደ እኔ አሳምሮ ማጮኹን ግን አልቻለበትም። ድምፁ እስከ ቅኔ ማኅሌቱ ሲመጣ፣ ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሲስቁ አስታውሳለሁ።

ሰው ግን ነገርን ቶሎ አይረሳም። አባየ ወንዝ ሲወርድ አንዳንዱ ቀድሞ ሰላም ይለዋል፤ አንዳንዱ አንገቱን ይሰብራል። በጀርባው ምን እንደሚሉ እናቴ እየሰማች ትመጣ ነበር፤ ጦጣውም ይሁን፣ እሱም ትንሽ ሳይቀምስ አይቀርም ይላሉ አሉ። አባየ ይህን ሲሰማ ምግቡን ትቶ ይነሣል።

ባቄላው ታጨደ፤ ተወቃ። የታቦቱን ግማሽ አባየ በስልቻ ሞልቶ ተሸከመና እኔን አስከትሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ሌላ ጊዜ አህያ ነበር የሚጭነው። ቀኑ የኪዳነ ምሕረት ነው፤ ሰው ሁሉ ከቅጽሩ ውስጥ ተቀምጧል። አያ ጥሩነህም አለ፤ ቀልደኛውም አለ። ልማዱ፣ የታቦት እህል ሲገባ ገበዙ በቁና እየሰፈሩ ማስገባት ነው። ገበዙ ግን አባየን ሲያዩ ተነሡ፤ የዕቃ ቤቱን በር ከፈቱለት።

«ዝም ብለህ ዘርግፈው አለኸኝ» አሉት። «ከእንግዲህ አንተን ሰፍረን አንቀበልህም።»

ሰውም መልካም አለ፤ እማሆይ አማተቡ። እኔ ደስ ብሎኝ የስልቻውን ጫፍ ልይዝለት ተጠጋሁ። አባየ ግን ስልቻውን ከትከሻው አላወረደም። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፤ አንገቱ ከክብደቱ የተነሣ ተገትሯል።

«ይሰፈር» አለ።

ገበዙ ግራ ገባቸው። ማንም የሚጠረጥርህ የለም እኮ ልጄ አሉት። አባየ የተቀመጠውን ሰው አንድ በአንድ አየና «ሰው እያየ ይሰፈር» አለ።

ገበዙ ወደ ዕቃ ቤቱ ገብተው ቁናውን አመጡ።